«ጨዋታ ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ካለፈው ወር ወዲህ «ጨዋታ ይብቃን» የሚል ርእስ የተሰጠው ጽሑፍ በጅማ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ለእኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ሰዎች የላኩልኝ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ «አንብብና ልብ ግዛ» የሚል ምክር ጨምሮበታል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለከተማችንና ለወጣቶቿ ከልብ የሚቆረቆሩ መሆናቸው ከአንቀጽ አንቀጽ ይታያል። መነሻቸው ቅን ቢሆንም የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይመስለኝም። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ጽሑፉ ብዙ አሠሪዎችና ብዙ አባወራዎች ቀድሞውንም በልባቸው የያዙትን ነገር፣ ማለትም የሠራተኛ ዕረፍት ስንፍና ነው የሚለውን እምነት፣ በተዋበ ቃል ስላጸናላቸው ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ጨዋታ የልጅ ነው፤ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ኳስ ሲያባርር ወይም ገበጣ ላይ ተጎንብሶ ሲውል መታየቱ አለመብሰል ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ለደከመ ሰው መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው፤ ጨዋታ በድካም ላይ ድካም ይጨምራል። ሦስተኛ፣ የበለጸጉት አገሮች እዚህ የደረሱት ዕረፍት ሳያምራቸው በመሥራታቸው ስለሆነ፣ ደሃ አገር ስለ መዝናናት የምታስበው ከከበረች በኋላ ነው። አራተኛ፣ የዓመት በዓሎቻችን ብዛት ከበቂ በላይ ዕረፍት ሰጥቶናል። አምስተኛው ጸሐፊው በብዙ ሐዘን የጻፉት ነው፤ በጅማ «ትንሽ ልዝናና» ብሎ ከቤቱ የወጣ ሁሉ መጨረሻው ጫት ቤት ወይም የውርርድ ቤት መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «አዋቂ ሰው አይጫወትም» የሚለውን ፍርድ ጸሐፊው የጻፉበት ቋንቋ ራሱ አይደግፈውም። በአማርኛ እንግዳ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ «ተጫወት»፣ አክብሮት የሚገባው ከሆነም «ይጫወቱ» ይባላል። ወግ የሚያውቀውን፣ ሰው ሁሉ አጠገቡ መቀመጥ የሚወደውን ሰው ስናመሰግን ደግሞ «ጨዋታ አዋቂ» እንላለን፤ ይህን ምስጋና ለሕፃን ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ወግንም ጨዋታንም በአንድ ቃል መጥራታችን ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ በሁለቱም ሰው ከሰው የሚገናኘው ታዝዞ ወይም ተከፍሎት ሳይሆን ወዶ ነው።

ጸሐፊው «እኔ የተቃወምኩት ወግን ሳይሆን መሯሯጡን ነው» ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያውስ የገና ጨዋታን እናስታውስ። በተቆለመመ ዱላ ሩር እያሳደዱ ሜዳ ለሜዳ የሚሮጡት ጎረምሶች ብቻ አልነበሩም፤ ሚስትና ልጅ ያላቸው ጎልማሶችም ነበሩ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል የተረፈንም ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ይገናኙ ስለነበር ነው። በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ሰንጠረዥ ነበር፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ መጫወቻዎቻቸውን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱበት «ወረራ» የሚባለው መክፈቻው ከሌላው ዓለም ቼዝ ይለየዋል። ይህን የተጫወቱት አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ። ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላን አነሣለሁ። በልጅነቱ ገና ይጫወት የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ፣ ለማንም ምንም ማሳየት የማይጠበቅበት፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ የነበረ ሰው ቀስት ያነሣው አለመብሰል ይዞት ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «እንቅልፍ ይበቃል» የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ይመስላል፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ኖሬያለሁ። ያመንኩትን እንድለውጥ ያደረገኝን ነገር በዝርዝር ብጽፍ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ በአንድ የቡና መጋዘን የሚዛን መዝገብ እይዝ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ እሸቱም ጀንፈሉም (ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና) በአንድ ላይ ስለሚጎርፍ መጋዘን ውስጥ መተንፈሻ የለም። የመጋዘኑ ባለቤት በዚያ ዓመት ለቀማው እስኪያልቅ እሑድ የሚባል ቀን እንደማይኖር ነገሩን፤ እንዳሉትም አልነበረም። ልብ በሉልኝ፣ እንቅልፍ አላጣሁም። ማታ ሦስት ሰዓት ተኝቼ ንጋት ላይ እነሣ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ሰማንያ ሦስት ጆንያ የገባበትን ጭነት 38 ብዬ መዘገብኩ። ልዩነቱ በታወቀ ጊዜ አርባ አምስት ጆንያ የጠፋ መሰለ፤ ጥርጣሬውም ያረፈው በዕለቱ ባራገፈው ጫኝና አውራጅ ላይ ነበር። ስሕተቱ የእኔ መሆኑ እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ያ ሰው እነዚያን ሁለት ቀናት በሌብነት ተጠርጥሮ ውሏል፤ ይቅርታ ብጠይቀውና እሱም ይቅር ቢለኝ እንኳ ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ሰውየው ቁጥሩን ስጽፍ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ፊደልና ቁጥርም ያውቃል። በኋላ ስጠይቀው «አይቼው ነበር፤ ግን መዝገብ ያዥን ተሳሳትክ ማለት ለእኔ አይገባም ብዬ ተውኩት» አለኝ። በተከታዩ ዓመት አዲስ የመጋዘን ኃላፊ መጡና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የአርባ ደቂቃ ዕረፍት ደነገጉ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታም ሁለት ምሰሶ አስተክለው የመረብ ኳስ መረብ ዘረጉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁላችንም በየፊናችን ተቀምጠን እናይ ነበር። በኋላ ግን ኃላፊው ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ከሳምንት በኋላም አንድ ጫኝ ለኃላፊው «ኳሷን ወዲህ! አንተ ምን ትጠብቃለህ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። በመጋዘኑ በር ላይ አንቱ የሚላቸው ሰው ናቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅም ወደ አንቱታው ተመለሰ። በዚያ ወቅት ሚዛን ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አጠገቤ የቆመው ጫኝ «ወንድሜ፣ የጠራኸውና የጻፍከው አንድ አይደለም» አለኝ።

ይህ የአንድ መጋዘን ታሪክ ነው፤ ለዓለም ሁሉ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው። እንቅልፍ ሰውነትን ይጠግናል፤ በሠራተኛና በአለቃ፣ በጸሐፊና በተሸካሚ መካከል የቆመውን ዝምታ ግን አያፈርስም፤ ሰው የሚተኛው ብቻውን ነውና። ጨዋታ በአዋቂዎች መካከል የሚሠራው ሥራ ይህ ይመስለኛል፦ ማዕረግን ለአርባ ደቂቃ ያስቀምጣል፤ ማዕረግ ሳይጫነው አንድ ጊዜ የተናገረ ሰው ደግሞ በሥራ ሰዓትም አፉ ይፈታል። «አይቆጡም ጌታ» ያሉት ሰዎች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ጸሐፊው ጨዋታ ራሱ ድካም ነው ማለታቸው ግን በከፊል ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው ዝለል ቢባል ግፍ ነው፤ በመጋዘናችንም ከጫኞቹ ገሚሱ መረቡን ትተው ጥላ ሥር ዳማ ይጫወቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጠው መዝገብ ያዥ፣ ለባጃጅ ሾፌሩና ለልብስ ሰፊው ግን መሯሯጡ ራሱ ዕረፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ በከተማችን ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚመላለስ ሾፌር ይህን ከየት ያገኘዋል?

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ጸሐፊው ጃፓንን፣ ቻይናንና ጀርመንን በአብነት ጠቅሰዋል፤ እኔም እነዚህኑ እጠቅሳለሁ። ጃፓኖች ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ቃል አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ሞት ለመከላከል ሕግ አወጡ፤ በ2018 ደግሞ ለትርፍ ሰዓት ሥራ በሕግ ጣሪያ አበጁ። በጃፓን በሬዲዮ ሙዚቃ እየታገዙ በኅብረት የሚሠሩት የሰውነት ማፍታቻም ከ1928 ጀምሮ የሚሰራጭ ሲሆን፣ በብዙ ፋብሪካዎች ሥራ ከመጀመሩ በፊት አለቃና ሠራተኛ አብረው ይሠሩታል። በቻይና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን የማሠራትን ልማድ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 ሕገ ወጥ ነው ብሎታል። ጀርመኖች ደግሞ በዓመት ከሚሠሩት ሰዓት አንፃር በበለጸጉት አገሮች መካከል ከዝቅተኞቹ ተርታ ናቸው። ሄንሪ ፎርድም በ1926 በፋብሪካዎቹ የሥራ ሳምንቱን አምስት ቀን ያደረገው ሠራተኛው ስላሳዘነው ብቻ አልነበረም፤ ትርፉን አስቦ ነበር። እነዚህ አገሮች በሥራ ማደጋቸውን አልክድም፤ ሥራው ያለ ዕረፍት ሲሆን ምን እንዳስከፈላቸውም ራሳቸው መዝግበውታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል፤ በ2016 ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ 745,000 ሰዎች በእነዚህ ሁለት ሕመሞች ሞተዋል። እኔ በዚያ ዓመት በመጋዘኑ በሳምንት ሰባ ሰዓት እሠራ ነበር።

«ደሃ አገር አቅም የላትም» ለሚለውም መልስ አለኝ። ገበጣ የሚፈልገው መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና እፍኝ ጠጠር ነው። ከደሃም ደሃ የነበረው ገበሬ ደቦ ሲወጣ እየዘፈነ፣ እየተፎካከረ፣ እየተቀላለደ ያጭዳል፤ ሥራውና ጨዋታው የት ጋ እንደሚለያዩ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ከዚህም በላይ የዚህች ደሃ አገር ሕግ ጉዳዩን አስቦበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓትን፣ ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን በመብትነት ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ የማይቋረጥ ዕረፍት እንዲኖር፣ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥንም ይከለክላል። ሕግ አውጪው ይህን የከለከለው ሰው ሲቸግረው ዕረፍቱን እንደሚሸጥ፣ አሠሪውም እንደሚገዛው ስላወቀ ይመስለኛል። ስለዚህ እሑድ የለም የተባልንበት ያ ዓመት የትጋት ዓመት ተብሎ ሊወደስ አይገባውም፤ ሕግ የተጣሰበት ዓመት ነበር።

ስለ በዓላት ብዙ አልልም። በዓሎቻችን ብዙ ናቸው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በዓል የግዴታ ቀን ነው፤ ዘመድ ይጠየቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይኬዳል፣ ከብት ይታረዳል፣ የሞተበት ይጽናናል። የቀን ሠራተኛ በዚያ ቀን ካልሠራ እጁ ባዶ ይገባል። የቤቱ እመቤትማ ከዋዜማው ጀምራ በእግሯ ላይ ናት። በዓመት የተቆጠሩ ቀናት መምጣታቸውም በየሳምንቱና በየዕለቱ የሚያስፈልገውን ትንፋሽ አይተካም፤ በፋሲካ ስለጠገቡ በሰኔ ሳይበሉ አይኖሩም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እመጣለሁ። ጸሐፊው ስለ ጫትና ስለ ውርርድ የጻፉት እውነት ነው። እኔም ከሰዓት በኋላ በጅማ መርካቶ ጀርባ ስሄድ በየበርጫው የተቀመጡትን፣ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ፍለጋ የሚወጡትን፣ የሳምንት ደመወዛቸውን በአንድ የእንግሊዝ ጨዋታ ላይ የሚያስይዙትን ወጣቶች አያለሁ። በአንዳንዶቹ ቤት የደረሰውን ስለማውቅ በዚህ ጉዳይ የጸሐፊው ሐዘን ሐዘኔ ነው። የምለያቸው ምክንያቱ ላይ ነው። እሳቸው ጨዋታ ወደ ሱስ ይመራል ይላሉ፤ እኔ የማየው ጨዋታ ከጠፋበት ቦታ ሱስ ሲገባ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት የሰፈራችን ሜዳ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ከሕንፃው ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ የውርርድ ቤት ነው። የሰፈሩ ወጣት ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው፣ የቆመበት መሬት እንኳ ያው ነው፤ የተለወጠው ከሚሯሯጥ ይልቅ ሌሎች ሲሯሯጡ በስክሪን እያየ ገንዘቡን ማስያዙ ነው። በርጫ ላይ የሚውሉትን ሰዎች ለምን እንደሚሄዱ የጠየቀ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ መልስ ነው፦ «ለጨዋታው ነው»። ይህን መልስ እንደ ማመካኛ ብቻ መውሰድ አይገባንም። ሰዎቹ የሚፈልጉትን በትክክል ያውቁታል፤ የሚያገኙበት ሌላ ቦታ ግን የላቸውም።

ጨዋታን ከሱስ ለመለየት የምጠቀምበት መስፈሪያ ቀላል ነው። ጨዋታ ሲበቃ ይተዋል፤ ለቤት የታሰበውን ገንዘብ አይነካም፤ ሲያልቅም ሰውን ወደ ቤተሰቡና ወደ ሥራው ተፍታቶ ይመልሰዋል። ውርርዱም በርጫውም በዚህ መስፈሪያ ይወድቃሉ፤ መረብ ኳሱ፣ ዳማው፣ በጆተኒ (በጠረጴዛ ኳስ) ላይ የሚደረገው ጩኸትና በቦዬ ሐይቅ ዳርቻ የሚደረገው የእሑድ ሽርሽር ግን ያልፋሉ። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ፍርድ ማውገዝ ወጣቱን ከጫት ቤቱ አያስወጣውም፤ ከሜዳው ግን ያርቀዋል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ይህች ከተማ ለጨዋታ ያላትን ፍቅር አይተናል። ለተጫዋቾቹ ያጨበጨበውን ሰው ራሱን የሚያጫውት ቦታ በየቀበሌው ማዘጋጀት ውርርድ ቤት ከመቁጠር ይልቅ ይጠቅማል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግር መንገዶች ላይ ማታ ማታ የሚታየው ሰው ብዛት ቦታ ከተገኘ ሰው እንደሚወጣ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሳያነሡት ቀርተዋል፤ ቢያነሡት ኖሮ የእኔን ወገን ይበልጥ ያስጨንቁት ነበር። እስካሁን የጻፍኩት አብዛኛው ስለ ወንዶች ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ወንዱ ሲጫወት የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ የምታፈላው ሴት ናት፤ የእሱ ዕረፍት የእሷ ሥራ ነው። በመጋዘናችን መጥፎውን ፍሬ ከደኅናው የሚለዩ ሴቶች ነበሩ። በሥራ መካከል ቁጭ ባሉበት በአማርኛ «እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ»፣ በኦሮምኛ ሂቦ እየተጠያየቁ ይስቁ ነበር፤ ያ እሑድ የሌለው ዓመት ሲመጣ ሣቃቸው ሥራ ያዘገያል ተብሎ ተከልክለው ነበር። አዲሱ ኃላፊ መረቡን ሲዘረጉ «እናንተስ ምን ይዘጋጅላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ሴቶቹ ተመካክረው ኳስም ገበጣም እንደማይፈልጉ ተናገሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ በዚያች አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ቡናውን ሌላ ሰው እንዲያፈላላቸው። ጥያቄያቸው መጀመሪያ ብዙዎቻችንን አስቆን ነበር። ኃላፊው ግን አልሳቁም፤ ከጫኞቹ መካከል ፈቃደኛ የሆነ ሰው ጠየቁና ያ እኔ በስሕተቴ ያስጠረጠርኩት ሰው እጁን አወጣ። እኔ መጋዘኑን እስክለቅ ድረስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ጀበናውን የሚጥደው እሱ ነበር።